ራስጌውን የያዘችው

እኔ ማትሪክ ላይ ፊዚክስ ኤ ያመጣሁ ሰው ነኝ። የምሠራበት ዴንቨር፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ያለው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ይህን ያልነገርኩት ሠራተኛ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፤ ታሪክና ጂኦግራፊ አይነሱብኝ፤ ፊዚክስ ላይ ግን አሰላ ስማር አስተማሪው ራሱ ሲጨንቀው “እስቲ ብዙዬን ጠይቋት” ይል ነበር። ኤዋ እዚህ አገር ምንም አልፈየደችልኝም። አሮጊት ለማጠብና ሽማግሌ ለማልበስ ማትሪክ የሚጠይቅ የለም። ቢሆንም ሰው የሚኮራበት ሲያንሰው ያለችውን አጥብቆ ነው የሚይዛት፤ እኔም ኤዬን ይዤ አሥራ አራት ዓመት ሠራሁ። ይህን የማወራው ለጉራ ብቻ አይደለም። የፀሐይነሽን ነገር ለመናገር ከዚህ መጀመር ስላለብኝ ነው።

ፀሐይነሽ የሥራ ጓደኛዬ ናት። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሃምሳን ልትደፍን ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ካርቱም አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው እዚህ የደረሰችው። ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ አፓርታማ ተከራይታ ከገባች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ባሏ ወልደየስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ሁለቱ ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል።

ፀሐይነሽን በአንድ ቃል ግለጪ ብትሉኝ “እኔ ልያዘው” ነው የምላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ድግስ ሲኖር ትልቁን ድስት በአንድ ጆሮው ይዛ የምትገኘው እሷ ናት። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ከእሷ በዕድሜ ለምታንስ ሴት መቀመጫ ስትለቅ አይቻለሁ፤ ሴትዮዋ ከረጢት ስለያዘች ብቻ። አብረን ምሳ ስንበላ የመጨረሻዋን ጉርሻ እኔ ካልበላኋት ሳህኑ ላይ ደርቃ ትቀራለች። “ደከመሽ ወይ?” ብትሏት “ኧረ ምን ሠራሁና” ትላለች። ይሉኝታ ሰውን ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚጠብቀው ሌላውን ሰው ነው እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

ሥራችን ማንሳትና ማስቀመጥ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ሰው የሚያነሳ ማሽን አለን፤ ለሦስት ፎቅ አንድ ነው። ወይ ሌላ ፎቅ ላይ ነው፣ ወይ ባትሪው ሞቷል። ደንቡ “ማሽኑን ጠብቁ” ይላል፤ አልጋው የረጠበበት ሽማግሌ ግን ደንብ አይገባውም። ስለዚህ ለሁለት እናነሳለን። አንዷ ከኋላ ገብታ በብብቱ ሥር ታቅፈዋለች፣ አንዷ ቁርጭምጭሚቱን ትይዛለች። እኛ አበሾቹ “ራስጌ” እና “ግርጌ” እንለዋለን። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ተብሎ ይነሳል።

ወደ እሷ ፎቅ ተዛውሬ መጀመሪያ ከፀሐይነሽ ጋር ስጣመር ልጄን ሔቨንን አርግዤ ስድስት ወሬ ነበር። ሰዓት እንዳይቀንሱብኝ ሆዴን በሰፊ ዩኒፎርም ደብቄው ነበር። አለቆቹን አታለልኩ፤ ሁለት የወለደች ሴት ግን አትታለልም። አንድ ጊዜ አየችኝና “አንቺ ግርጌ ያዢ” አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ያዝኩ። ሔቨን ተወለደች፣ ወደ ሥራ ተመለስኩ፣ ሥራውም ቀጠለ።

ባለፈው ዓመት የፀሐይነሽ ቀኝ ትከሻ ተበጠሰ። ጅማቱ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ቅባት ቀባችው፣ ቀጥሎ ጠበል አስነካችው፣ በመጨረሻ እጇን አንስታ ነጠላዋን መልበስ ሲያቅታት ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ “ከእንግዲህ ሰው አታነሺም” አላት። መሥሪያ ቤቱ ላይት ዱቲ የሚሉትን ቀላል ሥራ ሰጣት፤ ምግብ ማጉረስ፣ ፀጉር ማበጠር፣ ቅጽ መሙላት። እሱም የተቆረጠለት ቀን አለው። ክረምቱ ሲያልቅ ወይ ወደ ማንሳቱ ትመለሳለች፣ ወይ ትወጣለች።

እኛ ሳናውቅ ግን እሷ መንገድ ጀምራ ነበር። ሕንጻችን ምድር ቤት ውስጥ የፊዚካል ቴራፒ ክፍል አለ። እዚያ ያሉት ረዳቶች ሰው አያነሱም፤ ሰው ራሱ እንዲነሳ ነው የሚያስተምሩት። ፀሐይነሽ በሽተኛ ይዛ በወረደች ቁጥር ቆማ ታያቸው ነበር። ከዚያ ለማንም ሳትነግር ኮሌጅ ገብታ በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ኮርስ እየወሰደች አራት ዓመት ተማረች። የሰውነት ክፍሎችን ትምህርት ጨረሰች፣ ሒሳቡን ጨረሰች። ለረዳትነቱ ትምህርት ተቀበሏት፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ፊዚክስ ቢያንስ ሲ ማምጣት አለባት። የአጋማሹን ፈተና ወደቀች። የመጨረሻው ላይ ሰባ ካላመጣች ወንበሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የእሷ ትከሻ ደግሞ ሌላ ዓመት የሚጠብቅ ትከሻ አይደለም።

አንድ ቀን ብሬክ ላይ መጽሐፉን እንደ ድንጋይ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

“ብዙዬ፣ ያቺ ኤሽ አሁን ትሥራ” አለችኝ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ዶማና አካፋውን እንደሚያነሳ ሠራተኛ እርሳስና ማስመሪያ ገዝቼ መጣሁ።

መጀመሪያ ያዋረደን ስበት ነው። የቤት ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው፤ መልሱን ስትጽፊ ወይ አረንጓዴ ይሆናል ወይ ቀይ። እኔ አስላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ቀይ። እንደገና አስላለሁ፣ ቀይ። ሁለት ቀን ሙሉ ቀይ ስንቆጥር ከረምን።

“እኛ ስንማር ስበት አሥር አልነበረም?” አለችኝ።

“አሥር ነው። ሁሌም አሥር ነው።”

“እዚህ ከፍታ ስለሆነ ቀንሶ ይሆናል።”

“ደብረ ብርሃን ከዴንቨር እኮ በጣም ነው ከፍ የሚለው፣ አንቺ!”

ማቀዝቀዣውን ልትከፍት የመጣችው ሔቨን ናት የገላገለችን። “ማሚ፣ ኢትስ ናይን ፖይንት ኤት” አለችና ጭማቂዋን ይዛ ሄደች። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት! አሥሩ ለፈተና እንዲቀል ተብሎ የተጠጋጋ ቁጥር መሆኑን የፊዚክስ ኤ ባለቤት ረስቼው ነበር። ፀሐይነሽ እስክታነባ ሳቀች፤ እኔ ለሁለት ቀን አልሳቅኩም።

ከዚያ ነገሩ ተቃናልን። ሳጥን ሲጎተት፣ መኪና ሲቆም፣ ገመድ ሲወጠር ጥሩ አድርጋ መሥራት ጀመረች። ጎበዝ ናት፤ ቀስ ብላ ታስባለች፣ ያሰበችውን አትረሳም። ሞመንት ላይ ስንደርስ ግን ግድግዳ ገጠመን።

ሞመንት ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ጉልበት አንድን ነገር ለማዞር ያለው አቅም ነው፤ ጉልበቱ ሲባዛ ከመዞሪያው ባለው ርቀት። በር በማጠፊያው አጠገብ ብትገፊው ይከብድሻል፤ በእጀታው በኩል ብትገፊው ይቀልሻል። ፀሐይነሽ በሩን ተረዳችው። የጎማ መፍቻውንም ተረዳችው፤ ወልደየስ ረጅሙን ብረት ለምን እንደሚመርጥ ራሷ ነገረችኝ። ጥያቄው ሳንቃ ሲሆን ግን ሁሉ ነገር ይጠፋባታል። አንድ ሳንቃ አለ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ነገር ደግፎታል፣ ላዩ ላይ ወደ አንዱ ጫፍ የተጠጋ ሳጥን ተቀምጧል። እያንዳንዱ ደጋፊ ስንት ይሸከማል? ፀሐይነሽ የሳጥኑን ክብደት ለሁለት ትከፍላለች።

“መሀል ላይ አይደለም እኮ ፀሐይ። ወደ ግራ ተጠግቷል። የግራው ብዙ ይሸከማል።”

“እሺ” ትላለች። ታጠፋዋለች። የሚቀጥለውን ጥያቄ ስሰጣት እንደገና ለሁለት ትከፍላለች።

ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አውቶቡስ ላይ በጣቴ መስኮቱ ላይ እየሣልኩ አስረዳኋት። ምሳ ሰዓት ማንኪያ ላይ ዳቦ አስቀምጬ አሳየኋት። “ገባኝ” ትላለች፤ በእርሳሱ ግን ግማሽ ግማሽ ነው የምትጽፈው። አንድ ጊዜ “ለምን?” ብዬ ስጮህባት በጣም በዝግታ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አይደል?” አለችኝ።

“ተረቱ ሎሚውን ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አድሎ ነው። እዚህ ግን ማን የት እንደቆመ ነው የሚጠየቀው” አልኳት። ተረትን በፊዚክስ ማረም ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ፈተናው የፋሲካ ሳምንት ረቡዕ ላይ ወደቀ። ሰኞ ሁለታችንም እረፍት ነበርን፤ ሔቨን ትምህርት ቤት ናት። ፀሐይነሽ ቀትር ላይ ሞንትቤሎ ሰፈር እኔ ቤት መጣች፤ በአንድ እጇ ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ፣ በሌላው መጽሐፉን ይዛ። ዓርብ ስቅለት ሲሰገድ ውላ ትከሻዋ አብጦ ነበር። “ወንበር ላይ ተቀምጠሽ መጸለይ ይፈቀዳል እኮ” ስላት “ምን ይሉኛል” አለችኝ። ምን ይሉኛል ማለት ለእሷ መልስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም።

“ከምሳ በፊት ሦስት ጥያቄ” አልኳት። ሦስት ሳንቃ ሰጠኋት። ሦስቱንም ለሁለት ከፈለቻቸው።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። “አንቺ ሴትዮ፣ ሳንቃው አያዝንልሽም እኮ! ሳንቃው ይሉኝታ የለውም! የቀረበው ብዙ ይሸከማል፣ የራቀው ትንሽ ይሸከማል፣ ይኸው ነው!” አልኳት። ጠረጴዛውንም መታሁት መሰለኝ።

ፀሐይነሽ እርሳሱን አስቀመጠች። አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር።

“አይሆንልኝም ብዙዬ። ረቡዕ አልሄድም። ወልደየስም በዚህ ዕድሜሽ ምን አስጨነቀሽ ብሎኛል። ክረምቱ ሲያልቅ ትከሻዬን ጠቅልዬ እመለሳለሁ፤ ሰው ስንት ሆኖ ይሠራል” አለች። መጽሐፉንም ዘጋችው።

ደነገጥኩ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ አንድ ኮርስ የሰበሰበች ሴት በእኔ ጩኸት ልትተወው ነው። ፀባዬን አውቀዋለሁ፤ ስሳሳት ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ ዘዴ መፈለግ ይቀናኛል። ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው ላይ አልጋ ሣልኩ። አልጋው ላይ ስናነሳው የኖርነውን የፎቃችንን ሽማግሌ ሚስተር ዋላስን አስተኛሁ፤ መለያ እንዲሆን ያችን የማትለየውን ኮፍያ ጭኜለት። ፀሐይነሽ ኮፍያውን ስታይ ሳትወድ ፈገግ አለች።

“ሳንቃውን እርሺው” አልኳት። “ሥራችንን እንሥራ። ሚስተር ዋላስ ክብደቱ ሰባት መቶ ሃያ ኒውተን ነው እንበል። ማሽኑ የለም። አንቺ ራስጌ ነሽ፣ እኔ ግርጌ። ከእኔ እጅ እስከ አንቺ እጅ ስንት ይሆናል?”

“ሜትር ከሃያ” አለች ሳታስብ። ይህን እጇ ያውቀዋል።

“ጥሩ። የሰው ክብደት የት ላይ ነው የተሰበሰበው? እምብርቱ አካባቢ። ከእኔ እጅ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ከአንቺ አርባ። መዞሪያው የእኔ እጅ ይሁን። ሰባት መቶ ሃያ ሲባዛ በዜሮ ነጥብ ስምንት፣ አምስት መቶ ሰባ ስድስት። ለአንድ ነጥብ ሁለት ሲካፈል…” እያልኩ እንደ ድሮው አስተማሪዬ እየተንጎራደድኩ ነበር። “አንቺ ራስጌ፣ አራት መቶ ሰማንያ። እኔ ግርጌ፣ የቀረው፣ ሁለት መቶ…”

የቀረውን ጻፍኩት እንጂ አልተናገርኩትም። ሁለት መቶ አርባ።

ሁለታችንም ወረቀቱን አየን። ሚስተር ዋላስ በኮፍያው ተኝቷል። ራሱ ጋ አንድ ቁጥር፣ እግሩ ጋ ግማሹ።

“እጥፍ ነው” አለች ፀሐይነሽ።

“ፀሐይ…”

“ነፍሰ ጡር ነበርሽ።”

“ሔቨን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው” አልኳት።

ተቀመጥኩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በቀን ስንት ጊዜ እንዳነሳን አላሰላሁም፤ ማስላት የሚችል ጭንቅላቴ በዚያች ሰዓት አልታዘዝ አለኝ። አፈርኩ። ሰው ሰርቆ ሲያዝ የሚያፍረውን ዓይነት አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲከፍልለት ኖሮ ሒሳቡን ከዓመታት በኋላ እንዳየ ሰው ነው ያፈርኩት።

“ስንት ጊዜ ልነግርሽ አስቤ ነበር” አለች፣ ወረቀቱን እንጂ እኔን ሳታይ። “ትከሻዬ ማታ ማታ መንዘር ሲጀምር፣ ነገ ‘ዛሬ አንቺ ራስጌ ያዢ’ እላታለሁ ብዬ እተኛለሁ። ጠዋት ስትመጪ ደግሞ እንጀራ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ፣ ወይ ሔቨን ታማብሻለች፣ ወይ በደንብ ትስቂያለሽ። እንዴት ብዬ ልበልሽ? ለዚች ብላ ቆጠረችብኝ ትያለሽ ብዬ እተወዋለሁ።”

“አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ…”

“አውቃለሁ። አንድ ቃል ነው። እሱ ነው ያቃተኝ።” የወረቀቱን ጠርዝ በጣቷ አጠፈች። “ከዚያ ለራሴ እኩል ነው አልኩት። ሁለት ሰው ከያዘው እኩል ነው፣ የእኔ ትከሻ ነው ደካማ አልኩ። እንዲህ ካላልኩ አንቺን መጥላት ልጀምር ነው፤ አንቺን ጠልቼ ደግሞ እዚያ ቤት አንድ ቀን አልውልም። አሁን ሁለት ደጋፊ ሳይ እጄ ዝም ብሎ ግማሽ ይጽፋል። ሌላ ከጻፈ ደብቄ የያዝኩት የሚወጣብኝ ይመስለኛል።”

አለቀስኩ። እኔ ቶሎ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሻይ ማቅረብ ነው የሚሆንልኝ። “አላሰብኩትም ፀሐይዬ። እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን አላሰብኩትም” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች። ተነሥታ በደህናው እጇ ጀርባዬን ዳበሰችኝ። ያን ጊዜም እንኳ አጽናኟ እሷ ነበረች።

ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና እርሳሱን አነሣች። “በይ እንግዲህ። አሁን አንቺ ራስጌ ሁኚ፣ እኔ ግርጌ” አለችና ራሷ ጻፈች፣ ራሷ አባዛች፣ ራሷ አካፈለች። እኔ ላይ አራት መቶ ሰማንያ ጫነችብኝ። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ እኔም እንባዬን እየጠረግኩ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሚስተር ዋላስን አጠፋንና ሳንቃ አስገባን። ትክክል። ሌላ ሳንቃ። ትክክል። ቀለም ቀቢ የቆመበት መሰላል፣ ሁለት ሕፃናት ከግራና ከቀኝ የተቀመጡበት የጨዋታ ሚዛን፣ ክርን ላይ ታጥፎ ዕቃ የያዘ ክንድ። ክንዱን ስትሠራ ጡንቻው ከዕቃው ስድስት ሰባት እጥፍ እንደሚጎትት ወጣላት። ቁጥሩን ጻፈችና በግራ እጇ የቀኝ ትከሻዋን ያዘችው። “አይ አንተ” አለችው፣ እንደ ልጅ። ዶሮውን የበላነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንቁላሉን ለእኔ ልትሰጠኝ ስትል በጭልፋ ለሁለት ከፈልኩት፤ ይህ እኩል ነው አልኳት።

ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ከእኔ ጋር የተመደበችው ሀና የምትባል ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላት አዲስ ልጅ ናት። ሚስተር ዋላስ ከወንበሩ ሊነሳ ነው፤ ማሽኑ ሌላ ፎቅ ነው። ሀና ቀድማኝ ወደ ራስጌው ሄደች።

“እትዬ ብዙዬ፣ እርስዎ ግርጌ ይያዙ፤ እኔ እችላለሁ” አለችኝ።

ፀሐይነሽ ማንሳት ካቆመች ወዲህ የተጣመሩኝ ሁሉ እንዲሁ ሲሉኝ ነበር። ቆሜ አየኋት። ትከሻዎቿ ገና ምንም አላወቁም።

“ነይ ወዲህ። ዛሬ ራስጌው የእኔ ነው” አልኳት። ከኋላው ገባሁና በብብቱ ሥር አቀፍኩት። በአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተነሳ። ሰው እንዲህ ይከብዳል ወይ! ያው ሰውዬ፣ ያው ክፍል፣ ያው መንገድ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬ ያነሳሁት ሽማግሌ። አልጋው ላይ ስናስቀምጠው የአልጋውን ብረት ተደግፌ ቆምኩ። ሀና “ደህና ነዎት?” ስትለኝ “ኧረ ምን ሠራሁና” ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። “ደህና አይደለሁም፤ ከባድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን እንጠብቃለን፣ የሚረጥብም ይረጥባል” አልኳት። ከሽፍቴ በኋላ ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ገብቼ ስለ ባትሪውም፣ ስለ አንዱ ማሽንም፣ ስለ ፀሐይነሽ ትከሻም በውስጤ የተሰበሰበውን ሁሉ አወራሁላት። ለፎቃችን ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ማሽን እንደሚመጣ ቃል ገብታልኛለች፤ እስኪመጣ በሳምንት ሁለቴ እየሄድኩ አስታውሳታለሁ።

ረቡዕ ፀሐይነሽ ተፈተነች። ደወልኩላት፤ “ጻፍኩ” ብላ ዘጋችው። ሐሙስም ምንም የለም። ዓርብ ከሰዓት አሥራ አምስት ቁጥር ላይ ተገናኘን፤ እሷ ከኮሌጁ ትመለሳለች፣ እኔ ከሥራ። ከሩቅ ስታየኝ መቀመጫ ይዛልኝ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ቦርሳዋን አስቀምጣበት። ፀሐይነሽ ወንበር ስትከለክል ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

“ሰባ ዘጠኝ” አለችኝ። “ኮርሱ ሲ ሆነ።”

አቀፍኳት፤ ቀኝ ትከሻዋን ተጠንቅቄ። መስከረም ሳይገባ ትምህርቷን ትጀምራለች፤ መሥሪያ ቤታችን ላይት ዱቲውን ቢያቆምም ባያቆምም ከእንግዲህ ግድ የላትም። “ይህችን ሲ በፍሬም ሰቅዬ ነው የማኖራት” አለች።

ከዚያ ስልኳን አወጣች። መምህሩ ቢሮ ገብታ ወረቀቷን አይታው፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ፎቶ አንስታው ነበር። ሁለት ሠራተኞች በረጅም ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ሸክም ተሸክመዋል፤ ሸክሙ ለአንዱ ቀርቧል፣ ከሌላው ርቋል። ቁጥሮቹን ሁሉ በትክክል አውጥታለች። ከሥር “ውጤቱን በራስሽ ቃላት አብራሪ” ይላል። በዚያ በምትጠነቀቅለት እንግሊዝኛዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋለች። የመጀመሪያው “ለሸክሙ የቀረበው ሰው ብዙውን ይሸከማል” ይላል፤ መምህሩ አጠገቡ ምልክት አድርጎበታል። ሁለተኛው “ርቆ የያዘው ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል” ይላል። እሱ አጠገብ በቀይ የጥያቄ ምልክት አለ፤ ነጥብ ግን አልቀነሰባትም።

“ይህቺ አልገባችውም” አለችኝ እየሳቀች።

ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ስልኩን መለስኩላት። አውቶቡሱ ኮልፋክስን ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ስለ አዲሱ ትምህርቷ ታወራለች። ላያውቅ ይችላል ብላ ጽፋልኛለች። እኔ ግን ማትሪክ ላይ ፊዚክስ ኤ ያመጣሁ ሰው ነኝ።